ክዳናቸው ያልያዘ ጠርሙሶች

እንፋሎት የሚለውን ስም ያወጡለት የፋብሪካ ጓደኞቹ ናቸው። ፍራፍሬ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመቀቀያው ክፍል ሳይወጣ ስለኖረ፣ ከእንፋሎቱ መሃል ብቅ ሲል ያዩታል፣ መልሶ ሲጠፋ ያዩታል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቆይቶ ደመወዝ ከፋዩም እንፋሎት አለው፣ ሰፈሩም እንፋሎት አለው፣ በመጨረሻ የገዛ ታናሽ ወንድሙ እንኳ እንፋሎት ማለት ጀመረ። ድሮ ወንድሙ "ጋሼ" ነበር የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመጀመሪያው እረፍት ሲመለስ በር ላይ ቆሞ "እህ፣ እንፋሎት፣ እንዴት ነህ?" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። እሱ ግን ነገር ሳይበላሽ እንዲቆይ አድርጎ የማስቀመጥ ሙያ ነበረው፤ ይህንንም አስቀመጠው።

ፋብሪካው ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ ከእናቱ ጋር፣ ጓሮው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራል። እናቲቱ የስኳር በሽታ አለባቸው። ባለፈው ብርድ፣ ያንን በስኳር ውሃ ውስጥ የሚዋኝ የሱቅ ኮክ በቆርቆሮ በቆርቆሮ እየገዙ፣ አልጋቸው ስር ደብቀው፣ ልጃቸው ሲወጣ በማንኪያ ሲበሉ ከረሙ። አንድ ቀን ጠዋት ቢጠሯቸው አልነቃ አሉ። ጎረቤት የምትኖረው ነርስ ባትደርስ ኖሮ አብቅቶላቸው ነበር። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ነርሷ ጣቷን ቀስራ፣ "እማማ፣ ሁለተኛ ይህ ነገር ከደገመዎት እኔ እዚህ በር ላይ የምደርሰው ለመርፌ አይደለም፣ ለለቅሶ ነው፤ ይወቁት" አለቻቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ?" አሉ እናቲቱ። "ብርድ ሲገባ ኮክ ካልቀመስኩ ብርዱ የሚያልቅ አይመስለኝም።"

"ኮኩንማ ትንሽ ትንሽ ይብሉ። ስኳሩን ነው ያልኩዎት።"

እንፋሎት ያኔ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ኮኩ ሲደርስ ምን እንደሚሠራ በዚያች ሰዓት ወሰነ። ብርዱና ጭጋጉ ሃያ አራት ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት አንድ ጠርሙስ፣ በቀን ሁለት ማንኪያ፤ ሃያ አራት ጠርሙስ ኮክ፣ ስኳር የሚባል ነገር ያልነካው። ያ ከተገኘ እናቲቱ ወደ ሱቅ የሚሄዱበት ምክንያት የለም። ያ ከጎደለ ግን፣ እግራቸው ወደ የት እንደሚያመራ እሱም፣ ነርሷም፣ እናቲቱ ራሳቸውም ያውቁታል።

መሐንዲሱ ወንድሙ የመጣው ኮኩ በተለቀመ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። እናቱ ዘጠኝ ቀን ሲተኙ ስብሰባ ላይ ነበርና አልመጣም፤ አበባ ልኮ ነበር። እንፋሎት አበባውን ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ተቀብሎ፣ የሚያስቀምጥበት ቢያጣ በሽንት መያዣ ውስጥ ውሃ ሞልቶ አስቀመጠው። ይህንንም ለወንድሙ አልነገረውም።

"ዛሬ እኔም ሠራተኛ ነኝ!" አለ መሐንዲሱ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ። "እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይና እዘዢን።"

እናቲቱ በማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከጀርባቸው ትራስ ባለበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። "እኔ ምኑን አውቄ ነው የማዝዘው፣ የኔ ጌታ። የዚህ ቤት አለቃ ዛሬ ወንድምህ ነው።"

መሐንዲሱ ጠረጴዛውን ቃኘ። ኮኩ በሁለት ትልልቅ ሳፋ ሞልቷል። አፈ ሰፊ ጠርሙሶቹ ታጥበው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክረዋል። ሎሚ አለ፤ ንጹሕ ፎጣ አለ፤ ከቀርከሃ የተሰነጠቀች ቀጭን እንጨት አለች።

"ስኳሩ የታለ?"

"የለም" አለ እንፋሎት።

"ለእማዬ እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ግን ትንሽም ቢሆን ካልገባበት ምን ያቆየዋል?"

"እሳት።"

"እሳት ያበስለዋል እንጂ አያቆየውም። የሚያቆየው ስኳር ነው። ይሄ እኮ የሳይንስ ጉዳይ ነው፣ እንፋሎት።"

"እንግዲያው አንተ አንድ ጆግ የስኳር ውሃ ጠጣና ፀሐይ ላይ ቁም። ማን እንደሚቆይ እናያለን።"

እናቲቱ ትራሳቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። መሐንዲሱም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

እንፋሎት የሚያውቀውን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቱን የተወው፤ አባትየው ታመው ቤቱ ሲላላ፣ አንዱ መሥራት ስለነበረበትና አንዱ መማር ስለነበረበት። ግን ያለ ስኳር የታሸገ ፍሬ ዓመት ሲቆይ በዓይኑ አይቷል። ስኳር ቀለሙን ያሳምረዋል፣ ሥጋውን ጠንከር ያደርገዋል፤ በቃ። የሚያቆየው የፍሬው የራሱ ኮምጣጣነት፣ በቂ ፍላትና አየር የማያስገባ ክዳን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አንድ ኩንታል ስኳር ቢጨመርም ሻጋታው ይመጣል።

ሥራው ተጀመረ። እንፋሎት ኮኩን እፍኝ እፍኝ እያደረገ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ይነክርና ወዲያው ወደ ቀዝቃዛው ይገለብጠዋል፤ ልጣጩ እንደ ሸሚዝ ይወልቃል። መሐንዲሱ ለሁለት እየሰነጠቀ ፍሬ አጥንቱን ያወጣል። መጀመሪያ አካባቢ ግማሹን በእጁ ጨፈለቀው።

"ኧረ ቀስ፣ ልጄ! ድልድይ አይደለም፣ አይወድቅብህም" አሉ እናቲቱ።

"እማዬ፣ እኔ የሠራሁት ድልድይ ወድቆ አያውቅም።"

"እኔ የበላሁት ኮክም ተነሥቶ አያውቅም። ቀስ ብለህ ያዘው ነው የምልህ።"

የተሰነጠቀው ኮክ እንዳይጠቁር ሎሚ በነካው ውሃ ይገባል፤ ከዚያ በድስት ውስጥ በንጹሕ ውሃ ትንሽ ይፈላል፤ ከዚያ ትኩሱን በትኩስ ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀው ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ ይደረደራል፤ የፈላበት ውሃ ይሞላበታል። ከላይ አንድ ጣት ክፍት ቦታ ይተዋል። እንፋሎት ቀርከሃዋን በጠርሙሱ ዳር እያስገባ የተደበቀውን አየር ያስወጣል፤ የጠርሙሱን ከንፈር በፎጣ ይጠርጋል፤ ላስቲክ ያለውን ጠፍጣፋ ክዳን ያስቀምጣል፤ በላዩ የቆርቆሮውን ቀለበት ያዞራል። ቀለበቱን የሚያዞረው በሦስት ጣት ጫፍ ብቻ ነው። እምቢ ማለት ሲጀምር ያቆማል። ውስጥ ያለው አየር በፍላቱ ጊዜ መውጫ ይፈልጋላ።

መሐንዲሱ አንዱን ቀለበት ነካ አድርጎ መላላቱን ሲያይ ራሱን ወዘወዘ።

ከትልቁ የብረት ማሰሮ ግርጌ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ጠርሙሶቹ ብረት እንዳይነኩ። ስምንት ስምንት ይገባሉ፤ ውሃው ከአናታቸው ሁለት ጣት ከፍ ይላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጠርሙሱ ሲገባ አይደለም፣ ውሃው ቀዝቅዞ እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ነው። እንፋሎት የግድግዳውን ሰዓት ባየ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለዋል።

ያ ሰው የመቀቀያው ክፍል አለቃ ነበር፤ ባለ ዲፕሎማ። አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ ያሉ ጠርሙሶች ክዳናቸው እየተነፋ አስቸገሩ። እንፋሎት ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና ነገሩ ገባው፤ ሰዓቱን የሚይዙት ጠርሙሱ ውሃ እንደነካ ነበር። ለሻይ በወጡበት ለአለቃው ነገረው። አለቃው "እስቲ እናየዋለን" አለ። በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ያው አለቃ ተነሥቶ "ባደረግሁት ጥናት" ብሎ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ደብዳቤ ሰጠው። አዳራሹ አጨበጨበ። እንፋሎትም ከኋላ ወንበር አጨበጨበ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው የአለቃው ሌብነት አይደለም፤ የራሱ ማጨብጨብ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀት ለያዘ ሰው፣ ካልጠየቀው በቀር፣ የሚያውቀውን አንዲት ነገር ላይነግር ለራሱ ቃል ገባ። ቃሉንም አክብሮ ኖሯል። በዚህ ምክንያት ስንት ነገር ሲበላሽ ቆሞ እንዳየ ቢናገር ሰው አያምነውም።

የመጀመሪያው ስምንት ወጣ፤ ሁለተኛውም ወጣ። እንፋሎት አሥራ ስድስቱን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ አንዱ አንዱን እንዳይነካ ለያይቶ ደረደራቸውና የመጨረሻውን ስምንት ሊያስገባ ወደ ምድጃው ዞረ። ከማሰሮው የወጣ ጠርሙስ እስከ ማግስቱ በፍጹም አይነካም። በሙቀቱ ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ለስልሷል፤ ቀለበቱም በፍላቱ ላላ ይላል፤ ይላላ፣ ችግር የለውም። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

መሐንዲሱ እጁን በፎጣ እያደረቀ ወደ ጠረጴዛው መጣ። አንዱን ቀለበት ነካው። ዞረለት። ሌላውን ነካ፤ ዞረ።

"ኧረ ጉድ! እማዬ፣ እነዚህ ሁሉ ላልተዋል እኮ!"

"ተዋቸው ልጄ። ወንድምህ ያውቃል" አሉ እናቲቱ።

"ማወቁንማ ያውቃል። ግን በጣት ጫፍ ነው ያሰራቸው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ድልድይ ላይ ብሎን ስናስር አንዴ አጥብቀን አንተውም። ጭነት ካረፈበት በኋላ ተመልሰን እያንዳንዱን እንደገና እናጠብቃለን። ሕጉ እንደዚያ ነው። ጭነት ያላላዋል።" ፎጣውን በእጁ ጠቀለለ። "እኔ አጠብቃቸዋለሁ።"

ይህን ሲል ፊቱ ለእናቱ ነበር፤ ጀርባው ለወንድሙ።

እንፋሎት ማንኪያ እንደያዘ ዞሮ አየው። "እጅህን አንሳ" ማለት በቂ ነበር። ሁለት ቃል። አፉ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ እጅጌው የተሰበሰበውን ነጭ ሸሚዝ አየ። ወንድሙ የተመረቀ ቀን ለአዳራሹ የተሰጠው የጥሪ ወረቀት ሁለት ነበር፤ ያኔ በሕይወት የነበሩት አባታቸውና እናታቸው ገቡ። እሱ ሦስት ካፖርት ታቅፎ ደጅ ቆመ። ሲወጡ ፎቶ ተነሡ፤ ወንድሙ ካሜራውን አቀበለውና "እንፋሎት፣ አንተ አንሳን" አለው። በዚያ ፎቶ ላይ የእሱ ጥላ ብቻ አለ፣ ሣሩ ላይ።

አፉን ገጠመ። ልቡ ደግሞ ቶሎ ብሎ ሰበብ አቀረበለት፤ ያልያዘ ጠርሙስ በማግስቱ ተከፍቶ እንደገና ቢፈላ ይድናል፣ ፍሬው ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ። የሚጠፋ ነገር የለም። የሚጠፋው የአንድ ሰው ኩራት ብቻ ነው።

ቀና ሲል እናቱ እያዩት ነበር። ወንድምየውን አልነበረም የሚያዩት፤ እሱን ነበር። እንፋሎት ፊቱን ወደ ማሰሮው መለሰ።

ከኋላው ቆርቆሮው ሲጮህ ይሰማዋል። መሐንዲሱ አሥራ ስድስቱንም አንድ በአንድ፣ ክንዱ እስኪገታተር አጠበቃቸው። ከአንዳንዱ አፍ ትኩስ ውሃ ሽሽ እያለ ወጣ፤ እሱም በፎጣው ጠረገው። "አያችሁ፣ ያፈስ ነበር!" አለ ደስ ብሎት።

ስልኩ ጮኸና ወደ ጓሮ ወጣ። ሚስቱ ነበረች። "አዎ፣ እያሸግን ነው። አዎ፣ እኔ ነኝ የማስራቸው" ሲል በመስኮት ይሰማል። ያን ጊዜ የመጨረሻው ስምንት ደረሰ። እንፋሎት አወጣቸው፤ ግን ወደ ጠረጴዛው አልወሰዳቸውም። መስኮቱ ስር ባለው ሣጥን ላይ ደረደራቸውና በጨርቅ ሸፈናቸው።

"ነፋስ እንዳይመታቸው ነው?" አሉ እናቲቱ።

"አዎ።"

"እነዚያንስ ነፋስ አይመታቸውም?"

እንፋሎት የማሰሮውን ውሃ ሊደፋ ዞረ።

ብዙ ሳይቆይ ከጨርቁ ስር "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ቆይቶ ሌላ። ከጓሮ የተመለሰው መሐንዲሱ ግራ ተጋብቶ ዞር ዞር አለ። "ምንድን ነው የሚፈነዳው?"

"አይፈነዳም። ክዳን ሲይዝ ነው እንዲያ የሚለው።"

"የእኔዎቹስ?"

"ነገ ጠዋት እናያቸዋለን።"

እንፋሎት ማሰሮውን ሲያጥብ፣ ጠዋት የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር እየቀየረ ሲያስተካክል ዋለ። ረጅም አደረገው፣ አሳጠረው። መጨረሻ ላይ አጭሩን መረጠ። በዚያ ቀን ደስ ብሎት ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። እህል ውሃ የጣመው፣ እንቅልፉም የሰመረለት ቀን ነበር።

ነጋ። እናቲቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መሐንዲሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩ እርጥብ እንደሆነ መጣ። እንፋሎት ቀለበቶቹን ሁሉ ፈታና እያንዳንዱን ክዳን መሃሉን በአውራ ጣቱ ተጫነ። የያዘ ክዳን ድንጋይ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ያልያዘ ግን ይገባል፣ ይወጣል፣ "ቷ፣ ቷ" ይላል፣ እንደ እንቁራሪት። ሣጥኑ ላይ ያሉት ስምንቱም ድንጋይ ነበሩ። ከጠረጴዛው ላይ ካሉት አምስት ያዙ። አሥራ አንዱ አልያዙም። አሥራ አንዱን ለብቻ ለይቶ፣ በወንድሙ ፊት ለፊት ደረደራቸው። ከዚያ ሲያዘጋጀው የዋለውን ተናገረ።

"እነዚህ አንተ ያጠበቅካቸው ናቸው።"

መሐንዲሱ ተጠግቶ አንዱን ክዳን ተጫነ። ቷ አለ። ሌላውን ተጫነ። የፊቱ ቀለም ተለወጠ። "ስላጠበቅኳቸው?"

"ትኩስ ሳለ ከዞረ ላስቲኩ ቦታውን ይለቃል። አየር ይገባል። ይሄን ፋብሪካ ውስጥ ጠራጊዋም ታውቀዋለች።"

ጠራጊዋን ትናንት አላሰባትም ነበር፤ ሲናገር መጣችለት። ጥሩ መጣች። አሁን ወንድሙ አንገቱን እስኪደፋ ጠበቀ። ግን ከወንበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"ሲያጠብቅ የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"እዚሁ የት?"

"ምድጃው ጋ።"

"አይተኸዋል።"

"እማዬ…"

"አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

"አይቻለሁ።"

እናቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚያውቁትን ነገር ሰው ሲያረጋግጥላቸው እንደሚያደርጉት። "እኔም ሲያጠብቅ ሳይህ ነበር። አፍህን ከፍተህ ስትዘጋው።"

መሐንዲሱ ቀና አለ። እንፋሎት የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ቁጣ ቢመጣ መልስ ነበረው፣ የሃያ ዓመት መልስ። ቁጣ ግን አልመጣም። ወንድሙ እንዲያው በየዋህነት፣ ገና አሁን እንደነቃ ሰው ጠየቀው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅከኝም።"

"ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?"

ያዘጋጀው ሁሉ ለዚህ አልሆነም። ካፖርቱም፣ ፎቶውም፣ የምስጋና ደብዳቤውም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበሩም። "ይልቅ ሥራ እንሥራ" አለ። "ዛሬውኑ ከፍተን እንደገና ካፈላናቸው ይድናሉ። አዲስ ክዳን ብቻ ነው የሚፈልጉት።"

ጓዳ ገባ። የክዳኑ ካርቶን መደርደሪያው ላይ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ለሠራተኛው ከተከፋፈለው ዕቃ የደረሰው ነው፤ ለጠርሙሶቹ አፍ የሚገጥም ሌላ ክዳን አልነበረውም። ካርቶኑን ሲያነሣ ቀለለው። ከፈተው። ወደ ጠረጴዛው ገለበጠው። አምስት ክዳን ወደቀ።

ትናንት ማሰሮውን ሲያጥብ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሲያሳጥርና ሲያስረዝም፣ አንዴ እንኳ ካርቶኑን ገልጦ አላየም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ክዳኑን ሳያይ እሳት አንድዶ አያውቅም።

"አሮጌዎቹን ገልብጠን ብንጠቀምስ?" አለ መሐንዲሱ።

"ላስቲክ አንዴ ከታተመ ሁለተኛ አይታተምም።"

መሐንዲሱ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሁለት ሰዓት ዞረ። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። የዚህ ልክ ክዳን ከነጠርሙሱ ካልታዘዘ አይገኝም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል ብለውታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዛፉ ላይ ቀርቶ ገበያ ላይም ኮክ የለም። እንፋሎት በዚያ መሃል አምስቱን ከፍቶ አሙቆ፣ አዲስ ክዳን አድርጎ ማሰሮ ውስጥ ከትቷቸው ነበር። ስድስቱ ጠረጴዛው ላይ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

"አሁን ስንት ሆነ?" አሉ እናቲቱ።

"አሥራ ስምንት።"

"የስድስት ሳምንት ጎደለኝ ማለት ነው።"

"እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ መሐንዲሱ። "እኔ ነኝ ሳላውቅ የገባሁት።"

"አዎ፣ አንተ ሳታውቅ አጠፋኸው።" ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። "አንተ ደግሞ እያወቅክ። እርስ በርስ ያላችሁን ነገር እኔ አላውቅም ብላችሁ ታስባላችሁ፤ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የወለድኳችሁ። ግን ነገራችሁን የምትማዘዙበት ሌላ ዕቃ አጣችሁና የእኔን ኮክ አነሣችሁ።"

ማሰሮው ይንተከተካል። እንፋሎት በልማድ ሰዓቱን አየ።

"እነዚህ ስንት ቀን ይቆያሉ?" አሉ እናቲቱ ስድስቱን በአገጫቸው እያመለከቱ።

"ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አንድ ሳምንት።"

"አንዱን ለእኔ አስቀምጡልኝ። አንዱን ለነርሷ ውሰዱላት፤ እንዴት እንደተበላሸ ከጠየቀች እውነቱን ንገሯት። አራቱን እናንተ ብሉ።"

"አራት ጠርሙስ?" አለ መሐንዲሱ።

"ለሁለት አራት። ስትሠሩት ተካፍላችሁታል፣ ስትበሉትም ተካፈሉት። ኮኬ አይደፋም። ቁጭ በሉ።"

አንዱ ሃምሳ ሦስት፣ ሌላው አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁጭ አሉ። እንፋሎት ሁለት ሳህንና ሁለት ማንኪያ አመጣ። ኮኩ በራሱ ውሃ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ዳር ዳሩ አጥንቱ በነበረበት በኩል ቀላ ብሏል። መሐንዲሱ አንድ ጉርሻ ዋጠና ቆም አለ።

"ስኳር የለውም፣ ግን ይጣፍጣል" አለ።

"እንደሚጣፍጥማ አውቃለሁ" አሉ እናቲቱ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ሲጀምሩ መሐንዲሱ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላላ። ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነበር፤ ማንም አልሳቀም። እናቲቱ ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በዝግታ ያጥፏቸው ጀመር፤ ሳምንት ይቆጥራሉ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው የብርዱ መጨረሻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሰለችበት፣ ቀኑ የማይነጋበት፣ ባለፈው ጊዜ እሳቸው አልነቃ ያሉበት ወቅት።

እንፋሎት ማንኪያውን አስቀመጠ። ሆዱ ሞልቶ ነበር፤ ግን ስለዚያ አልነበረም።

"እማዬ፣ አሥራ ስምንቱ ሲያልቅ ከሱቁ አትገዢም አይደል?"

እናቲቱ ጣታቸው የቆመበትን ቦታ እያዩ ቆዩ። መሐንዲሱም መብላቱን አቁሞ አያቸው።

"ገና አልጨረስክም" አሉ እናቲቱ። "ብላ።"

እንፋሎት ማንኪያውን አነሣ።